የምሳ ኩፖን ለነዳያን፦ ከሳንቲም፣ ከዳቦና ከቤት ምግብ ጋር ስንመዝነው

ኩፖኑ ከመዳፍ አይሰፋም። የምግብ ቤቱ ስም፣ ክብ ማኅተም፣ ተራ ቁጥርና «ለአንድ ሰው ምሳ» የሚል ጽሑፍ አለበት፤ ሌላ ነገር የለውም። ገዢው አሥር ወይም ሃያ ገዝቶ ቦርሳው ውስጥ ይይዝና በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በታክሲ ተራ ወይም መብራት ላይ «ስለ ማርያም» ላለው ሰው በሳንቲም ፈንታ አንዱን ይሰጣል። ተቀባዩ ምግብ ቤቱ ገብቶ ይበላል። አዲስ አበባ ውስጥ ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ቸርችል ጎዳና ያለው ሆፕ ኢንተርፕራይዝስ እንዲህ ያለ የምግብ ኩፖን በመሸጥ ለዓመታት ይታወቃል። ከዚያ ውጭ ደግሞ ጽዋ ማኅበርም ሆነ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ከሠፈራቸው ምግብ ቤት ጋር ተስማምተው የራሳቸውን ማሳተም ይችላሉ። እዚህ የምንመዝነው ይህን በሠፈር ደረጃ የሚሠራውን ነው።

መመዘኛችን የሰጪው ልብ ምን ያህል እንደተነካ አይደለም። ቸርነት በገላትያ 5፥22 ከመንፈስ ፍሬዎች አንዱ ሆኖ ስለተቆጠረ ብዙ ጊዜ የምንሰብከው የልብ ጉዳይ አድርገን ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ግን ገበታው ዘንድ ይወስደናል። ከግሪክ አገር የመጡት አይሁድ «በየቀኑ በሚታደለው መበለቶቻችን ተረሱ» ብለው አጉረመረሙ። ሐዋርያት ቅሬታውን «የሰጧችሁን ተቀበሉ» ብለው አላፈኑትም፤ ለማዕዱ ኃላፊ የሚሆኑ ሰባት ሰዎች አስመረጡ። ከእስጢፋኖስ እስከ ኒቆላዎስ የሰባቱም ስም የግሪክ ስም መሆኑ ልብ ይሏል፤ ሥራው የተሰጠው ከተረሱት ወገን ለሆኑት ይመስላል። ስለዚህ እኛም የምንጠይቀው ምግቡ ሆድ ገባ ወይ፣ ተቀባዩ ምን ያህል ጠበቀ፣ ምን ያህል ተጓዘ፣ ሲበላስ እንደ ሰው ተቀመጠ ወይ ብለን ነው።

በመጀመሪያ ኩፖኑ ሊተካቸው የሚፈልጋቸውን እንይ።

ሳንቲም የሚናቅ አይደለም። ለቤት ኪራይ፣ ለመድኃኒትና ለትራንስፖርት የሚሆነው ገንዘብ ብቻ ነው፤ ኩፖን ፓናዶል አይገዛም። ጉድለቱ የተበጣጠሰ መሆኑ ነው። አንድ ምሳ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ስንት እጅ እንደሚጠበቅ ማሰብ ነው። ወረቀት ብር ዘርዝረው በርከት አድርገው ለመስጠት ከፈለጉ በየደጁ ሳንቲም ደርድረው የሚዘረዝሩ አሉ፤ ግን ይቆርጣሉ። ከባንክ ዘርዝሮ መምጣት ይሻላል።

ዳቦ ቀላሉና አስተማማኙ ነው። አይደፋም፣ ሳህን አይፈልግም፣ ለማታ ይቀመጣል። ከ2 ኪሎ ዱቄት የተጋገረ ድፎ ለ12 ሰው በደህና ይበቃል። ሁለት ነገር ግን ያበላሸዋል። አንደኛው ትኩሱን ፌስታል ውስጥ ማሰር ነው፤ ያልበውና ቶሎ ይሻግታል። ሁለተኛው ዓይነቱን አለማጣራት ነው፤ የዳቦ ቤት ለስላሳ ዳቦ ወተት ወይም ቅቤ ሊኖረው ስለሚችል ለረቡዕና ለዓርብ ሳይጠይቁ መግዛት ተቀባዩን ችግር ላይ ይጥላል፤ ወይ ጾሙን ይሽራል ወይ ተርቦ ይውላል። ዳቦው ደረቅ ከሆነ ደግሞ ጥርስ ለሌላቸው እማማዎችና አባባዎች ሻይ አብሮ ካልመጣ ድንጋይ ነው። ስለ ንፍሮም ያው ነው፤ ስንዴው አድሮ ካልረጠበና በደንብ ካልፈነዳ ለሽማግሌ አይሆንም።

ትራፊን በተመለከተ አጭር ነገር። በአዲስ አበባ ከሆቴል ተርፎ በባልዲ የሚሰበሰበው «ቡሌ» ለችግረኛው የሚሸጥ ነው፤ ከፍሎ ይበላዋል። እንግዳ ተነሥቶ ከሄደ በኋላ ከየሳህኑ የተራገፈውን ይዞ ደጅ መውጣት ደሃው ገንዘብ ከሚያወጣበት ነገር አይሻልም። ሰርግም ይሁን ዝክር የነዳያኑ ድርሻ የሚነሣው መሶቡ ሳይነካ፣ ድስቱ ገና ሙሉ ሳለ ነው። ይህን የድሮ ሴቶች ያውቁታል፤ የተረሳው አዳራሽ ተከራይቶ መደገስ ከመጣ ወዲህ ነው።

የቤት ምግብ፦ ከሁሉም የሚጣፍጠው፣ ከሁሉም የሚበላሸው

በሙያ ከተሠራ ቤት ያለቀ ምግብን የሚያክል የለም። ለ30 ሰው ሽሮ ለማብላት አንድ ኪሎ ተኩል ሽሮ፣ ከስድስት እስከ ሰባት ሊትር ውሃ፣ 2 ኪሎ ሽንኩርት፣ አንድ ሊትር ያህል ዘይትና ነጭ ሽንኩርት ይዞ መነሣት ነው። እንጀራው ለአንድ ሰው አንድ ተኩል ተብሎ 45 ይሆናል፤ ከአንድ ኪሎ ጤፍ እንደ ምጣዱ ስፋት 5 ወይም 6 ስለሚወጣ ከ7 ተኩል እስከ 9 ኪሎ ዱቄት ይጠይቃል። ለምስር ከሆነ በኪሎ 15 ሰው ያስቡ። «ለአንድ ሰው አንድ እንጀራ ይበቃል» የሚለው ስሌት ቁርስ በልቶ የመጣን ሰው የሚመለከት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወጡን ትኩስ እንዳለ እንጀራው ላይ አፍስሶ፣ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ከትቶ፣ 30ውን ደራርቦ በመኪና ይወስደዋል። ሲደርስ እንጀራው ርሶ ፍትፍት ሆኗል፤ ፍትፍት ሆኖ ቢቀርብ ነውር የለውም፣ ግን ታፍኖ የቆየ ፍትፍት መኮምጠጥ ይጀምራል። እንጀራው በርዶ ተጠቅልሎ ለብቻው፣ ወጡ ክዳኑ በሚገጥም ድስት እንደጋለ ለብቻው ይሂድ፤ ጭልፋ ይዞ እዚያው መጨለፍ ነው። ሽሮ ሲበርድ ስለሚወፍር ከእሳት ሲወርድ ትንሽ ቀጠን ይበል። ድንችና ጎመን ያለበት አልጫ በሙቀት ቶሎ ስለሚበላሽ ከሰዓት በኋላ ለሚታደል አይመረጥም።

በርበሬውም ይታሰብበት። ባዶ ሆድ የዋለ ሰው ላይ ቀይ ወጥ መድፋት ጨጓራውን ማቃጠል ነው። ለሌላ ሰው ሲሠሩ የራስን አፍ መከተል የተለመደ ስሕተት ነው።

ሥጋስ? በቤተ ክርስቲያን ደጅ ከተቀመጡት መካከል ሙስሊም ወገኖች አሉ፤ የክርስቲያን ሥጋ ሲመጣ ዝም ብለው ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ «እኔ አልበላም» ብለው ምክንያቱን ለመናገር የሚደፍሩት ጥቂት ናቸው። ሽሮና ምስር ግን ሁሉንም አንድ መሶብ ላይ ያገናኛል። ፍስክም ቢሆን የጾም ምግብ ይዞ መሄድ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ውሃ ያልያዘ ሰው ምሳ አላበላም። ለአንድ ሰው ግማሽ ሊትር፣ በተጨማሪም ለእጅ መታጠቢያ ባለ ቧንቧ ጀሪካንና ሳሙና። ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ የዋለ እጅ ሳይታጠብ እንጀራ ቢቆርስ ምግቡ ሲያሽለው ሳይሆን ሲያሳምመው ያድራል።

ሲያድሉ ሰልፍ አያስይዙ። ሰልፍ ጉልበት ላለው ያደላል፤ መጨረሻ ላይ የሚቀሩት ዓይነ ስውሩ፣ ክራንች የያዘውና ሕፃን የታቀፈችው ናቸው። እነሱ እንደተቀመጡ እርስዎ ይዙሩ፤ ከበሩ ራቅ ብለው ከተቀመጡት ይጀምሩ፣ ለበሩ የቀረቡት ከአላፊ አግዳሚው ያገኛሉና። 30 ምግብ ይዞ 100 ሰው ያለበት ደጅ ላይ መኪና መክፈት ግርግር መጥራት ነው፤ አነስ ያለ ቦታ ይፈልጉ፣ የሰበካ ጉባኤውን ወይም ጥበቃውን አስቀድመው ያነጋግሩ። ሲሰጡም «እንካ» ሳይሆን «እማማ፣ ይቀበሉኝ»፣ «አባባ፣ ይብሉልኝ» ነው። ስልክ ኪስ ውስጥ ይቆይ። ማቴዎስ 6 ግራ እጅ የቀኝን እንዳታውቅ ሲል ሞባይል ገና አልነበረም፤ ቢሆንም ነገሩን ጨርሶ ተናግሮታል።

ቀኑም ዋጋ አለው። በወሩ በ12 የሚካኤል ደጅ፣ በ21 የማርያም ደጅ ሞልቶ ይፈሳል፤ ዳቦው ተርፎ የሚወስደው ይጠፋል። በኅዳር 12 ወይም በታኅሣሥ 19 ንግሥ ላይ አንዱ ሰው ሦስት ቦታ ምሳ ይጋበዛል። ከዚያ በኋላ ባለው ተራ ቀን ግን ደጁ ከሰጪ ጭር ይላል። ስእለት ካለብዎት በዕለቱ ያድርሱ፤ ስእለት ከሌለብዎት ግን በዓሉ ካለፈ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን መሄድ የበለጠ ይጠቅማል።

አሁን ኩፖኑ

ከላይ የዘረዘርነው ጣጣ ሁሉ ነው ኩፖንን ተፈላጊ ያደረገው። ሰጪው አያበስልም፣ አይሸከምም፤ ምግቡ ትኩስ ነው፤ ተቀባዩ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እጁን ታጥቦ፣ ሲያሻው መጸዳጃ ቤት ገብቶ ይወጣል። ይህ የመጨረሻው ጎዳና ላይ ለሚውሉ ሴቶች ከምግቡ እኩል ትልቅ ነገር ነው። የሰዓት ምርጫም አለው፤ ሲርበው ይሄዳል እንጂ ሰጪው ሲመቸው አይበላም። በእኛ ሚዛን ከአምስት አራት የሚያሰጠው ይህ ነው። አንዱን ነጥብ የሚያስቀንሱት ጉዳዮች ግን እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ኩፖኑን ተራ ወረቀት ሊያደርጉት ይችላሉ።

ርቀት አንዱ ነው። ምግብ ቤቱ ከሚታደልበት ቦታ ከ500 ሜትር በላይ ከራቀ አቅመ ደካማው አይሄድም፤ ይሸጠዋል ወይም ይጥለዋል። ዳገትና ደረጃ ያለበት ቦታ ደግሞ ቅርብ ቢሆንም ሩቅ ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ካለ ምግብ ቤት ጋር ጨርሶ አይዋዋሉ።

ጭማሪ ሌላው ነው። አብዛኛው ምግብ ቤት አንድ በያይነት ሲያቀርብ አንድ እንጀራ ነው የሚሰጠው፤ ደንበኛ ሲጠራ ጭማሪ ይመጣለታል። ኩፖን ይዞ የመጣው ሰው ግን ጭማሪ ለመጥራት ይፈራል፤ ቢጠራም አስተናጋጁ «ኩፖኑ የአንድ ነው» ሊለው ይችላል። ስለዚህ ከባለቤቱ ጋር ሲስማሙ «አንድ ወጥ፣ አንድ እንጀራ፣ አንድ ጭማሪ፣ ውሃ» ተብሎ በጽሑፍ ይቀመጥ። ኩፖኑ ላይ የብር መጠን አይጻፍ። ጤፍና ዘይት በጨመረ ቁጥር በብር የተጻፈ ኩፖን እንጀራውን ያሳንሰዋል፤ «አንድ ምሳ» ተብሎ የተጻፈ ግን ምሳ ሆኖ ይቆያል፣ የዋጋው ልዩነት የእርስዎና የባለቤቱ ሂሳብ ይሆናል። ለዚህም ሲባል 200 ኩፖን በአንዴ አይክፈሉ። 20 ከፍለው ይጀምሩ፣ ዋጋውን በየወሩ ይነጋገሩ።

ሰዓቱ የሚጠበቀውን ያህል ቀላል አይደለም። ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ምግብ ቤቱ ከፋይ ደንበኛ የሚሞላበት ስለሆነ ባለቤቱ «በኋላ ይምጡ» ማለቱ አይቀርም፤ በግልጽ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ተብሎ ቢጻፍ መመላለስ ይቀራል። በዐቢይ ጾም ግን ሌላ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ብዙ ነዳያንም እስከ 9 ሰዓት አይቀምሱም፤ እነሱ ሲደርሱ ሽሮው አልቆ ፍስክ የሚበላ እንግዳ ብቻ የሚስተናገድበት ቤት ኩፖኑን ከንቱ ያደርገዋል። በረመዳን ደግሞ ሙስሊሙ ከመግሪብ በኋላ መብላት እንዲችል እስከ ምሽት ይሥራ።

ወንበሩን በተመለከተ ያዕቆብ መልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ የጻፈው ለምግብ ቤት አስተናጋጅ የተጻፈ ይመስላል። ባለ ወርቅ ቀለበቱን «በዚህ በመልካም ስፍራ ተቀመጥ»፣ ድሃውን «ወደዚያ ቁም» ይላሉ። በተግባር የሚሆነው ይኸው ነው፤ ኩፖን የያዘው ከውጭ ዳር ወይም ወጥ ቤት በር ላይ ይቀመጣል፤ ለእርሱ የተለየ የቆርቆሮ ሳህን ይወጣል። ውል ሲገቡ ሳህኑ ያው ሳህን፣ ወንበሩ ያው ወንበር መሆኑን ይንገሩ። ባለቤቱ «ደንበኛ ይሸሽብኛል» ካለ ሐቁን ተናግሯል፤ አመስግነው ሌላ ቤት ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ የሚስማሙት ሹፌርና የቀን ሠራተኛ የሚበላባቸው ትንንሽ ቤቶች ናቸው። እዚያ ልብስ ማንም አያይም።

ባለቤቱ ተስማምቶ ካሸሯ ያልሰማችበት ሁኔታም አለ። ከሰዓት የምትገባዋ «እንዲህ ያለ ወረቀት አናውቅም» ብላ ከመለሰች ያ ሰው ዳግመኛ አይመጣም፤ ለሌሎቹም ይነግራል። የኩፖኑ ናሙና ባንኮኒው ላይ ይለጠፍ።

ኩፖን ይሸጣል፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በግማሽ ዋጋ ለሌላ ሸጦ ገንዘቡን የሚይዝ አለ፤ ሰጪዎች ይናደዳሉ። እኛ አንናደድም። ሻጩ መድኃኒት ወይም የማደሪያ ኪራይ ጎድሎበት ሊሆን ይችላል፤ የገዛውም ቢሆን ምሳውን በልቶታል። በብዛት የሚሸጥ ከሆነ ግን ርቀቱ ወይም ሰዓቱ አልተመቸም ማለት ነው፤ የሚታረመውም እሱ ነው። ደላላ ሰብስቦ እንዳይነግድበት በየሳምንቱ የወረቀቱን ቀለም መለዋወጥና የአገልግሎት ጊዜውን በ15 ቀን መወሰን ይበቃል። ከዚያ ያጠረ ጊዜ ታሞ የተኛውን ይጎዳል።

ማንበብ ለማይችል በቃል «ከበሩ ወደ ግራ፣ ከፋርማሲው ቀጥሎ» ብሎ መንገር፣ ወረቀቱ ላይም መሶብ መሳል ነው። ለዓይነ ስውር ከተራ ወረቀት እንዲለየው አንዱን ማዕዘን በሰያፍ ይቁረጡት። ልጆች ለያዘች እናት በልጆቿ ቁጥር ይጨምሩ፤ አንድ ብቻ ከተሰጣት ሳህኑ ፊት ተቀምጣ የምታየው ልጆቿ ሲበሉ ነው። መንቀሳቀስ ለማይችል ሰው ግን ኩፖን መስጠት አይገባም። ለእርሱ ምግቡን ገዝቶ መውሰድ ወይም በሁለት ኩፖን ለራሱም ለእርሱም የሚያመጣ ጎረቤት መፈለግ ነው። አልጋ ላይ የዋሉትን ለማብላት ደግሞ እንደ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ማዕከል ባሉ ቦታዎች የምሳ ወጪ መሸፈን ይቻላል፤ ብዙዎች ሰርጋቸውን፣ ልደታቸውንና ተዝካራቸውን እዚያ ያደርጉታል፤ ቀን አስቀድሞ ማስያዝ ነው እንጂ ድስት ተሸክሞ በድንገት መሄድ አይደለም።

በመጨረሻ መቁጠር አለ። ቅዳሜ ጠዋት የተበላበትን ኩፖን ከምግብ ቤቱ ሰብስበው ከተሰጠው ጋር ያስተያዩ። ከ20 ኩፖን 17 ወይም 18 ተመልሶ ከሆነ ነገሩ ሠርቷል። ከግማሽ በታች ከሆነ ተቀባዮቹን አይውቀሱ፤ ራስዎ አንዱን ኩፖን ለማያውቁዎት አስተናጋጅ ሰጥተው ተቀምጠው ይብሉ፣ ነጠላዎንም ጥሩ ጫማዎንም ቤት ትተው ይሂዱ። አንዳንዴ ምክንያቱ በአምስት ደቂቃ ይገኛል።

ለማሳተም ከወሰኑ ከጀርባው ላይ በትልቁ «ጭማሪ አለው» ብለው ያስጽፉ። አስተናጋጁ ሲከለክለው ተቀባዩ ቃል ሳይመላለስ ገልብጦ ያሳየዋል።